ሞገድና ብርሃንን በእጅ እያስነኩ ማስተማር፦ ጎንደር ላይ ምን ምን ይሠራል?

የማራኪው መምህር · ሰኞ ምሽት 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ 9ኛና 10ኛ ክፍል። 9ኛ ላይ የድምፅ ሞገድ አለ፣ 10ኛ ላይ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድና ብርሃን። ላብራቶሪ አለን። ማለቴ ክፍሉ አለ።

ሁለቱንም ምዕራፍ በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ መጨረስ ይቻላል። ብዙዎቻችንም እንደዚያ ነው የምንጨርሰው። ልጆቹ «ሞገድ ጉልበት እንጂ ቁስ አያጓጉዝም» የሚለውን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። «ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ቢዘል፣ መሃል ላይ የተንሳፈፈው ቅጠል ወዴት ይሄዳል?» ስላቸው ግን ግማሹ ክፍል «ማዕበሉ ወደ ግድግዳው ይወስደዋል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ያውቁታል፣ ነገሩን አያውቁትም።

ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ በላይ ተማሪ አለ። በጀት የሚባል ነገር የለም። እኔ ጋ የሚሠራውን ልጻፍ፣ እናንተም ጨምሩበት።

ገመድ፦ ረዘም ያለ የልብስ ማስጫ ገመድ አንዱን ጫፍ የመስኮት ብረት ላይ አስራለሁ። መሃሉ ላይ ቀይ ክር እቋጥራለሁ። አንድ ልጅ ሌላውን ጫፍ ይዞ አንዴ ብቻ ወደ ላይ መታ ያደርገዋል። ጉብታው መስኮቱ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ቀዩ ክር ግን ባለበት ወደ ላይ ወደ ታች ብቻ ነው። ጉብታው ሲመለስ ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ይህን እኔ ሳልናገር አንዱ ልጅ ቀድሞ ሲያየው ደስ ይለኛል።

እስክስታ፦ አዎ፣ እስክስታ። ሃያ ልጅ ጎን ለጎን ይቆማል። አጠገቡ ያለው ትከሻውን ሲመታ ቀጣዩ ይቀጥላል። «ሞገዱ» ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ከቦታው የተነሳ ግን የለም። ትራንስቨርስ (ሞገዱ የሚሄድበትን አቅጣጫ አቋርጦ የሚወዛወዝ) ሞገድ ይህ ነው። ከዚያ ወደ ጎን ዞረው በሰልፍ ይቆሙና የኋለኛው የፊተኛውን በመዳፉ ቀስ ብሎ ይገፋል። ግፊቱ ወደፊት ይሄዳል፣ ሰውም ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። ሎንጊቱዲናል (በሞገዱ አቅጣጫ የሚወዛወዝ) ሆነ። ድምፅ አየር ውስጥ የሚሄደው በዚህኛው መንገድ ነው። ጎንደር ላይ ትከሻ የማይመታ ልጅ ስለማይጠፋ ያ ደግሞ ዳር ቆሞ ሰዓት ይይዛል።

ብርሃን ላይ ግን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ተሰብሮ ከሚታየው እርሳስ ብዙም አላለፍኩም። እናንተ ምን ትሠራላችሁ?

ቀሃ ዳር · ሰኞ ምሽት 3፡02

ወንድሜ፣ ጥረትህን አደንቃለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ማትሪክ ላይ እስክስታ አይመጣም። ፈተናው ምርጫና ቀመር ነው። ስልሳ ልጅ አሰልፈህ ትከሻ ስታስመታ ግማሹ ክፍለ ጊዜ በሳቅ ያልቃል።

ሌላም ነገር አለ። «በተግባር ማስተማር» እየተባለ የሚሠራው አብዛኛው ትርኢት ነው። ልጁ ያያል፣ ይደነቃል፣ ይወጣል። ምንም አልለካም፣ ምንም አላሰላም። እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ብዙ አይቻለሁ።

እትዬ ሰሌዳ · ሰኞ ምሽት 3፡40

ልጆቼ፣ እኔ ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ቀሃ ዳር ትርኢት ያለው ነገር እውነት ነው። ትርኢት የሚሆነው ግን ልጆቹ ሳይገምቱ ስለምናሳያቸው ነው። መጀመሪያ ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። እስክሪብቶውን ያስቀምጥ። ከዚያ በኋላ አሳዩ። በጽሑፍ የገመተ ልጅ ነገሩን ዝም ብሎ አያይም፣ ይከራከራል።

ብርሃን ላይ እኔ የምወደውን ልንገራችሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ሁሉ የሚስማር ቀዳዳ አያጣም። ፀሐይ በዚያ ትገባና ወለሉ ላይ ክብ ነጠብጣብ ትጥላለች። ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን አይተውታል። «ለምን ክብ ሆነ?» ሲባሉ «ቀዳዳው ክብ ስለሆነ ነዋ!» ይላሉ።

እንግዲያው የክብሪት ቤት የምታህል ስባሪ መስታወት ፈልጉ። እጅ እንዳትቆርጥ ጠርዟን በፕላስተር ዙሩት። ፊቷን በወረቀት ሸፍኑና ወረቀቱ ላይ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ቁረጡ። ጎኑ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። መስታወቷን ደጅ ፀሐይ ላይ አስደግፋችሁ ነጸብራቁን በበሩ በኩል ወደ ክፍሉ ላኩት። መስኮቱን በጋቢ ጋርዱ። በመጀመሪያ ነጭ ወረቀት ቅርብ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሦስት ማዕዘን ይታያል። አሁን ጠይቁ፦ አሥር ሜትር ርቆ ያለው ግድግዳ ላይ ምን ቅርፅ ይወጣል?

ክፍሉ በሙሉ «ትልቅ ሦስት ማዕዘን» ብሎ ይጽፋል። ግድግዳው ላይ የሚወጣው ግን ክብ ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ ይንጫጫል። አንዱ ተነስቶ «ወረቀቱን ቀይረውታል» ይላል። ሌላው ቀዳዳውን ራሱ አራት ማዕዘን አድርጎ ካልቆረጠ አያምንም። ይቁረጥ። አሁንም ክብ ነው። ክቡ የቀዳዳው ቅርፅ ሳይሆን የፀሐይ ምስል ነው። ከፀሐይ ፊት እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ግድግዳው ላይ ትጥላለች። እነዚያ ሁሉ ተደራርበው የፀሐይን መልክ ይሠራሉ። ይህ የሚሆነው ደግሞ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ነው።

ቀሃ ዳር፣ ቁጥር ስለምትወድ ይኸው። የክቡን ስፋት ለርቀቱ አካፍል። አንድ ለ107 ገደማ ይመጣል። አሥር ሜትር ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ማለት ነው። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ያንን ለ107 ስታካፍለው 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ታገኛለህ። የፀሐይ የጎን ስፋት ይኸው ነው። በስባሪ መስታወትና በልብስ ሰፊ ሜትር!

ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ የተጋረደች ዕለት ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ታየች። እኛ ጋ አብዛኛዋ ተሸፍና ነበር። ያን ቀን በየዛፉ ሥር የወደቀው ነጠብጣብ ሁሉ ማጭድ ነበር። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት አልተለወጠም፣ የተለወጠችው ፀሐይ ናት። ያን ያየ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ባለ ስክሪን · ማክሰኞ ጠዋት 4፡20

እኔ ፒያሳ ሞባይል እጠግናለሁ እንጂ አስተማሪ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የተሰበረ የካልኩሌተር ወይም የኤልሲዲ ስክሪን ላይ የሚላጥ ጠቆር ያለ ቀጭን ፕላስቲክ አለ። ፖላራይዘር ነው፤ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። እኛ ጋ ቆሻሻ ነው፤ ጠይቁን፣ እንሰጣችኋለን። ሁለቱን ደራርባችሁ ወደ ብርሃን ያዙና አንዱን አዙሩት። ሩብ ዙር ላይ ይጨልማል።

አሁን በሁለቱ መካከል ስኮች የተለጠፈበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ አስገቡ። ቀለም በቀለም ይሆናል። ልጆች እዚህ ጋ ይጮሃሉ፣ ከእህቴ ልጆች አይቻለሁ።

ሌላው የቲቪ ሪሞት ነው። ጫፉን ወደ ሞባይሉ የፊት ካሜራ አዙራችሁ ቁልፉን ተጫኑ። በዓይን የማይታየው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ኢንፍራሬድ ነው። የኋላው ካሜራ ብዙ ጊዜ ስለሚያጣራው ላይታይ ይችላል።

የማራኪው መምህር · ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሦስት ማዕዘኗን ነገር እዚሁ ግቢ ሞከርኳት። «ወረቀቱን ቀይረውታል» ያለ ልጅ እኔም ጋ አልጠፋም።

ባለ ስክሪን፣ መጥቼ እወስዳለሁ። ይህ ከገመዱ ጋር በደንብ ይያያዛል። ገመዱን በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል አሳልፈህ ወደ ላይ ወደ ታች ብትመታው ያልፋል። ወደ ጎን ብትመታው እንጨቱ ይይዘዋል። ብርሃንም በፖላራይዘር የሚታገደው ትራንስቨርስ ስለሆነ ነው። ድምፅን ግን እንዲህ ማገድ አትችልም።

የአዘዞ ልጅ · ማክሰኞ ምሽት 1፡30

የገደል ማሚቶስ? ትልቅ የድንጋይ ግድግዳ በሞላበት ከተማ ተቀምጠን የድምፅን ፍጥነት ከመጽሐፍ መቅዳት አያሳፍርም? እንዴት እንደሚለካ የሚያውቅ ቢነግረን። ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ድምፅ እዚህ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው?

የማራኪው መምህር · ማክሰኞ ምሽት 2፡05

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው «አዎ» ይላል። መልሱ ግን አይደለም ነው። ከፍ ስንል የአየሩ ግፊትም እፍጋቱም አብረው ይቀንሳሉ። ስለዚህ ፍጥነቱ ላይ ያላቸው ውጤት ይጣፋል። የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ቀመሩ 331 ሲደመር 0.6 ሲባዛ በሙቀቱ ነው። 20 ዲግሪ ላይ 343 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፤ ጎንደርም ይሁን ምጽዋ። ምጽዋ ላይ ድምፅ የሚፈጥነው ሙቀት ስላለ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪና የማይበዛበት ቦታ ሰፊ ግድግዳ ፈልግ። ከግድግዳው 50 ሜትር በሜትር ለክተህ ቁም። አጨብጭብ፣ የሚመለሰውን ስማ። ከዚያ የሚመለሰው ድምፅ በሁለት ጭብጨባ መካከል እኩል ላይ እስኪወድቅ ድረስ ምትህን አስተካክል። ምቱ ሲገጥም ሌላ ልጅ የሃያ ጭብጨባ ልዩነት ጊዜ ይያዝ። 11.7 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ በአንዱ ጭብጨባና በሌላው መካከል 0.58 ሰከንድ አለ። የዚያ ግማሽ 0.29 ነው። በዚያ ጊዜ ድምፁ ሄዶ መለስ 100 ሜትር ተጉዟል። አካፍለው።

ምት መያዝ የሚችል ልጅ ያስፈልጋል። ከበሮ የሚመታ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ካለ እሱን አስቀድመው።

ሁለት ስማርት ስልክ ካለ ደግሞ ፋይፎክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ። ውስጡ በድምፅ የሚነሳና የሚቆም ሰዓት አለው። ሁለቱን ስልክ 5 ሜትር አራርቀህ አስቀምጥ። አንዱ ጋ ያለው ልጅ ያጨበጭባል፤ ሁለቱም ሰዓት ይነሳል። ቀጥሎ ሌላኛው ጋ ያለው ያጨበጭባል፤ ሁለቱም ይቆማል። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ድምፁ 10 ሜትር ለመሄድ የፈጀው ጊዜ ነው። 0.029 ሰከንድ አካባቢ ታያለህ። ፍጹም ጸጥታ ይፈልጋል፤ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ከባዱ ፊዚክሱ አይደለም።

ባለ ማሲንቆ · ረቡዕ ጠዋት 3፡15

ሞገድ እያላችሁ ክራርና ማሲንቆ እንዴት ረሳችሁ? ጎንደር ላይ ሆናችሁ!

ሁለቱ ለየብቻ የሚያስተምሩት ነገር አላቸው። ማሲንቆ አንድ ገመድ ብቻ ነው ያለው፣ የፈረስ ጭራ። ተጫዋቹ ዜማውን የሚያወጣው ጣቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ የሚርገበገበውን ርዝመት እያሳጠረና እያስረዘመ ነው። ክራር ላይ ደግሞ ክሮቹ ብዙ ናቸው፣ ርዝመታቸው ግን እምብዛም አይለያይም። ድምፃቸው የሚለየው በውጥረታቸውና በክሩ ውፍረት ነው። ቃኚው ላይኛው እንጨት ላይ እያጠበቀና እያላላ ይቃኛል። ስለዚህ ማሲንቆ ርዝመትን ያስተምራል፣ ክራር ውጥረትን።

ስልክ ላይ ድምፅ መቃኛ መተግበሪያ ጫኑ፣ ሄርዙን (ድግግሞሹን፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ) ያሳያችኋል። ማሲንቆውን ክፍት አድርጋችሁ ምቱና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ልጆቹ ይገምቱ፦ ገመዱን ልክ እኩሌታው ላይ ብንይዘው ቁጥሩ ስንት ይሆናል? «ግማሽ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እጥፍ ነው የሚሆነው። ጆሮም ያንኑ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማዋል።

ቀሃ ዳር · ረቡዕ ቀትር

የውጥረቱን ነገር ግን ግልጽ እናድርገው። ውጥረቱን እጥፍ ብታደርገው ድግግሞሹ እጥፍ አይሆንም። አራት እጥፍ መወጠር አለብህ። ይህ ፈተና ላይ የሚመጣ ነው። ክፍል ውስጥ ናይለን ክር ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አሳልፋችሁ ጫፉ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ ስቀሉ። ሩብ ሊትር ውኃ አድርጋችሁ ክሩን ነክታችሁ ድምፁን መዝግቡ፣ ከዚያ አንድ ሊትር። ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ቁጥር ያለውን ነገር እኔም ልስጥ። ሱቅ የሚሸጠውን ቀይ ሌዘር ውሰዱ። የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ላዩ ላይ ይጻፋል። አንድ የራስ ጸጉር ነቅላችሁ ጨረሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ በስኮች ቀጥ አድርጋችሁ ለጥፉ። ሦስት ሜትር ርቆ ያለ ግድግዳ ላይ አብሩ። ነጥብ አታገኙም። ወደ ጎን የተዘረጋ፣ በጨለማ የተቆራረጠ መስመር ታገኛላችሁ። ብርሃን ጸጉሩን ዞሮ ስለሚያልፍና ከራሱ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ቅንጣት ብቻ ቢሆን ይህ አይመጣም።

ከመሃሉ እስከ መጀመሪያው ጨለማ ያለውን ለኩ። 2.8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 650 ናኖሜትርን በ3 ሜትር አባዙና ለ2.8 ሳንቲ ሜትር አካፍሉ። 70 ማይክሮሜትር ይመጣል፤ የጸጉሩ ውፍረት ነው። ልጆቹ «የማን ጸጉር ይወፍራል» ብለው ሲወራረዱ ቀመሩን ደጋግመው ያሰሉታል። ያ ነው እኔ የምፈልገው።

ያንኑ ሌዘር የተጣለ ሲዲ ላይ አሳርፉ። የተንጸባረቀው ብርሃን በተለያየ አቅጣጫ ይከፈላል። ሲዲ ላይ ያሉት መስመሮች 1.6 ማይክሮሜትር ይራራቃሉ። በዲቪዲ ቀይሩት፤ 0.74 ነው። ነጥቦቹ ይቀራረባሉ ወይስ ይራራቃሉ? እትዬ እንዳሉት አስገምቱ።

እትዬ ሰሌዳ · ረቡዕ ቀትር

እሰይ የኔ ልጅ! ትርኢት አልወድም ሲል የነበረው ሰው ሌዘር ይዞ መጣ።

የዓይን ልጅ · ረቡዕ ማታ 3፡30

ሌዘር ስለተነሳ አላልፍም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦፕቶሜትሪ (የዓይን ምርመራ) ተማሪ ነኝ። ሬቲና (ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) የሕመም ስሜት የለውም። ልጁ ሲቃጠል አይታወቀውም፣ በኋላ ነው ማየት ሲያቅተው የሚያውቀው። ስለዚህ ሌዘሩን መምህሩ ይያዝ፣ ወይ ጠረጴዛ ላይ ይታሰር። ጨረሩ ከተቀመጠ ልጅ ዓይን በታች ወይም በላይ ይለፍ። ሲዲው ራሱ መስታወት ነው፤ ብርሃኑ የት እንደሚመለስ ቀድማችሁ ዕወቁ። አረንጓዴ ሌዘር ለክፍል አትግዙ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ላያቸው ላይ ከተጻፈው በላይ ጉልበት አላቸው፣ የማይታይ ኢንፍራሬድም ያፈሳሉ።

የእትዬ መስታወትም የፀሐይ ብርሃን ነው። ማንም ወደ መስታወቱ እንዳያይ። ግድግዳውን ብቻ።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ሌላ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ግብፅና ሳዑዲ በኩል ያልፋል፣ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ባለፈው ሰው በኤክስሬይ ፊልም ሲያይ ነበር። አይሆንም። በቀዳዳ ምስሉን ወረቀት ላይ ጥሎ ማየት ነው።

እትዬ ሰሌዳ · ረቡዕ ማታ 3፡50

ልክ ነሽ የኔ ቆንጆ፣ ተባረኪ። ሐምሌ ግን ደመና ነው፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ልጆቹ ቀዳዳውን በየቤታቸው አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ ሰማዩ ከፈቀደ ፈቀደ። የብርሃን ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይሁን። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ጎንደር አናት ላይ ትቆማለች። የጣሪያው ነጠብጣብ ያን ሰሞን ሙሉ ክብ ነው፣ በሌላው ጊዜ ሞላላ ነው። ለምን እንደሆነ ልጆቹ ያስቡበት።

የመንትዮች እናት · ሐሙስ ጠዋት 2፡45

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ግን ትናንት ማታ ይህን ክር አብረን አነበብን። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ፌስታል ወጥረን ጤፍ በትነን ሬዲዮ አጠገቡ አስቀመጥን። ጤፉ ዘለለ። አባታቸው «ጤፍ በዚህ ዘመን ለሙከራ?» ብሎ ተቆጣ፤ በጨው ቀየርነው።

መምህር፣ በቤት ውስጥ የውኃ ሞገድ በደንብ የሚታይበት መንገድ አለ? ሳፋ ውስጥ ሞከርን፣ ቶሎ ይደባለቃል።

የማራኪው መምህር · ሐሙስ ምሽት 1፡50

አለ፣ እህቴ። ሳፋው ጥልቅ ነው፣ ግድግዳውም ሞገዱን ስለሚመልሰው ይደባለቃል። ጠፍጣፋ የመስኮት መስታወት ይሻላል። መስታወት ቤት የሚጥሉት ቁራጭ ይበቃል። ዙሪያውን በቀጭን እንጨት ከብበሽ በሲሊኮን አጣብቂው። ሁለት ወንበር መካከል አስቀምጪው፣ ውኃው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን። ከላይ በኩል የሞባይል ባትሪ አብሪ፣ ከታች ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፊ። ዳር ዳሩን እርጥብ ጨርቅ አስተኚበት፣ ሞገዱን ይውጠዋል። ውኃውን በጣትሽ ጫፍ ነካ ስታደርጊው ወረቀቱ ላይ ብሩህ ቀለበቶች ሲሰፉ ታያለሽ። የሞገዱ ጫፍ ብርሃኑን እንደ ሌንስ ስለሚሰበስበው ነው።

ከዚያ ውኃው ውስጥ ሌላ ትንሽ መስታወት አጋድመሽ የአንዱን ጎን ጥልቀት ይበልጥ ቀንሺው። በማስመሪያ ቀጥ ያለ ሞገድ ላኪ። ጥልቀቱ የቀነሰበት ቦታ ሲደርስ ይዘገያል፣ ሞገዶቹም ይቀራረባሉ። በሰያፍ ከገባ አቅጣጫውም ይታጠፋል። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ የሚሰበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃ ውስጥ ፍጥነቱ ከ300,000 ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይወርዳል። እኔ ክፍል አምስት አምስት ልጅ እየተፈራረቀ ነው የሚያየው፤ የቀረው ግምቱን ይጽፋል።

የመንትዮች እናት · ሐሙስ ምሽት 2፡20

ሲሊኮን ከሌለኝስ?

ባለ ስክሪን · ሐሙስ ምሽት 2፡31

የፎቶ ፍሬም መስታወት ካለሽ ጥርት ያለ ላስቲክ ከላዩ አንጥፈሽ ዳሩን በእንጨቱ ላይ አጥፈሽ በስኮች ያዢው። አይፈስም። ላስቲኩ እንዳይጨማደድ ብቻ፤ ጭምድዱ ወረቀቱ ላይ ጥላ ይጥላል። ሲሊኮንም ከፈለግሽ የተረፈ አለኝ፣ በዚያ ስታልፊ ውሰጂ።